ይህን የነካ እጅ

ጌሙ እምቢ ካለ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ኮምፒዩተሩስ ይበራል፤ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ ይቆይና ጌሙ ላይ ሲደርስ ችክ ይላል። ፈትያ ከንዴቷ ብዛት ኮምፒዩተሩንና ጌሙን መለየት ትታ ሁለቱንም "ይኼ ነገር" ትላቸዋለች። ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ይኼን ነገር ታበራዋለች፣ ለምሳ ስትመጣ ታበራዋለች፣ ከሥራ ወጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ታበራዋለች። መልሱ አንድ ነው፦ ጥቁር ስክሪን፣ ዝም ብላ የምትሽከረከር ክብ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጽሑፍ፤ ፈቃድዎን ማረጋገጥ አልቻልንም፣ ቆይተው ይሞክሩ። ቆይታ ሞከረች። ከዚህ በላይ ሰው እንዴት ይቆያል?

ይኼን የሰማ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የመኪና እሽቅድምድም ጌም አልከፈት አለኝ ብላ እንባዋን ስትጠርግ ማየት መቼም ያስቃል። ጉዳዩ ግን የጨዋታ አልነበረም። ጉዳዩ የአባቷ ቀኝ እጅ ነበር።

አባቷ ጋሽ አብዱረዛቅ በጅቡቲ መስመር ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሹፌር ናቸው። እንደሳቸው ያለ ሹፌር ዛሬ የለም፤ አለ የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ጣርማ በርን በጭጋግ፣ የአፋርን በረሃ በሐሩር ሲያቋርጡ አንድ ቀን ጎማቸው ከአስፋልት ወጥቶ አያውቅም። ግትርነታቸውም የዚያኑ ያህል ነው። ምግብ ቤት ሲገቡ መኪናቸው የሚታይበት ወንበር ካልተገኘ ጾማቸውን ያልፋሉ። ሰዓትም ሆነ ቀን በፈረንጅ ሲቆጠር ማየት አይወዱም፤ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ የማይቆጥር ሰዓት ሰዓት አይደለም ባይ ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ጅቡቲዎች እየሳቁባቸው የጋቢናቸውን ሰዓት በሐበሻ ሲሞሉ ኖሩ።

ባለፈው ሰኔ ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ውሃው ላይ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እግራቸውም እየተጎተተ በምርኩዝ መራመድ ጀመረ። ምላሳቸው ግን ከበደ፤ አንድ ቃል ለማውጣት ዳገት እንደያዘ መኪና ያቃስታሉ። ቀኝ እጃቸው ደግሞ ጭራሽ ተኛ። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጣቸው ባለሙያ ነገሩን አላለባበሰችም። "ዋናው ስድስት ወር ነው" አለቻት ፈትያን። "እስከዚያ ያልነቃ እጅ ከዚያ በኋላ መንቃቱ በጣም ይከብዳል። በየቀኑ ያንቀሳቅሱት።" አንዲት የስፖንጅ ኳስ ሰጠቻቸው። ጋሽ አብዱረዛቅ ኳሷን አዩዋት፣ "ል...ጅ ነኝ?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ መስከረምም ጠባ። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ በቤቱ ውስጥ ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ፈትያ እጃቸውን በዘይት ታሻለች፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ትዘረጋለች፣ ጣቶቹም እንደለቀቀቻቸው ይታጠፋሉ።

በጥቅምት ጀውሃ ከተማ ያለውን የአክስቷን ልጅ ሙጂብን ሊጠይቁ ሄዱ። ሙጂብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚሠራው፤ ደንበኛ ሲጠፋ ጠረጴዛው ላይ የመኪና መሪ የሚመስል ነገር አስሮ በኮምፒዩተሩ ይሽቀዳደማል። ጋሽ አብዱረዛቅ በምርኩዛቸው ቆመው አዩት፣ አዩት፣ መጨረሻ ላይ ትዕግሥታቸው አለቀ። "ፍ...ሬን ያዝ" አሉት። ቀጥለው ደግሞ "ተነስ"። ተነሣላቸውና ተቀመጡ። ሙጂብ ቀኝ እጃቸውን እንደ ዕቃ አንሥቶ መሪው ላይ አኖረላቸው። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግራ እጃቸው መሪውን ገፋ፣ ቀኙ ሊንሸራተት ሲል ጣቶቹ ጨበጡ። ለአፍታ ነው። ፈትያ ግን አየች፣ ሙጂብም አየ፤ ሁለቱም እንዳይበላሽ ብለው ትንፍሽ አላሉም።

ሙጂብ መሪውንም ጌሙንም ሰጣት። ኮምፒዩተሩን አይሰጣት ነገር የፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። አባቷን በየቀኑ ጀውሃ ማመላለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ የዚያን ቀን መንገድ እንኳ ሦስት ቀን አስተኝቷቸዋል። እሷ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የአይሲቲ መምህር፣ ጎረቤቷ ተሻለ፣ ከተጣለበት አንሥቶ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ጭኖ ነው ነፍስ የዘራበት። የገበያው ጠጋኝ ዊንዶውስ ልጫንበት ብሎ ሁለት ቀን አቆይቶ "አሮጌ ነው፣ አዲሱ ዊንዶውስ አይቀበለውም" ብሎ መለሰላት። ጌሙ ደግሞ የዊንዶውስ ጌም ነው።

"ችግር የለውም" አላት ተሻለ። "የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ በአስተርጓሚ ነው የሚሄደው። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ የለም? ጌሙ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ለሊኑክስ ያስረዳል። ጎበዝ አስተርጓሚ ከተገኘ ሁለቱም ነገሬ አይሉ።"

ኅዳር ሰባት፣ እሑድ ቀን፣ ተሻለ ከጠዋት እስከ ምሳ ሲታገል ዋለና ጌሙ ተከፈተ። የሞተር ድምፅ ቤቱን ሞላው። የኮምፒዩተሩን የይለፍ ቃል ፈትያ የአባቷን መኪና ታርጋ ቁጥር አደረገችው፤ እሳቸው የማይረሱት ቁጥር ነው፣ ለእሳቸውም ነገረቻቸው። ጋሽ አብዱረዛቅ ያን ዕለት ደክሟቸው ነበርና ከአልጋቸው ሆነው አዩ፤ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች መረመሩት። "ነገ ይነዳሉ አባ" አለቻቸው። ተሻለ በማግሥቱ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ፈትያ ሥራ ገባች። እሷ በሌለችበት አባቷን የሚያዩላት ጎረቤቷ እትዬ ብዙነሽ የዚያን ቀን ለቅሶ ነበረባቸው፤ ጋሽ አብዱረዛቅ እስከ ምሳ ብቻቸውን ቆዩ። ስድስት ሰዓት ላይ ፈትያ ባጃጅ ይዛ በረረች። አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዓይናቸው ውስጥ ከሰኔ ወዲህ ያላየችው ነገር ነበር። ደስ አላት። ኮምፒዩተሩን አበራች፣ ጌሙን ነካች። ክቧ ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች። ፈቃድዎን ማረጋገጥ አልቻልንም።

እንግዲህ ፍዳዋ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጌሙ ሲከፈት አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ገብቶ ፈቃዱን ያሳያል፣ ሌላ ነገር አይፈልግም። ፈትያ ኔትወርኩ ነው ብላ ለኮምፒዩተሩ ኢንተርኔት የምታካፍልበትን ስልኳን መስኮት ላይ ሰቀለች። ኔትወርኩ ደኅና ነው፤ በስልኳ ሁሉም ይከፈታል። ተሻለን ደወለችለት። በሥልጠናው የዕረፍት ሰዓት፣ በችኮላ፣ አስተርጓሚውን ቀይሪው አላት፤ ቀየረችው። የድሮውን ሞክሪ አላት፤ ሞከረችው። ጌሙን አጥፍተሽ እንደገና ከሙጂብ ፍላሽ ጫኚው አላት፤ ለዚያ ስትል ጀውሃ ደርሳ ተመለሰች። መሪው ይሆን እንዴ ብላ ነቀለችው፣ ሰካችው። ጥቁር መስኮት ከፍታ፣ ተሻለ የላከላትን ትእዛዝ ፊደል በፊደል እየገለበጠች ጻፈች፣ አንድ ነጥብ ዘንግታ እንደገና ጻፈች። ኢንተርኔት የሚነካውን ሁሉ ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ። ለተሻለ የስህተቱን ጽሑፍ በስልኳ እያነሣች በቴሌግራም ትልካለች፣ እሱም "ይገርማል" ብሎ ይመልሳል። ይገርማል ምን ያደርግላታል?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባበራችው ቁጥር ጋሽ አብዱረዛቅ ቀና ይሉ ነበር። ቀስ በቀስ ቀና ማለት ተዉ። ምግብ ቀነሱ። ስድስት ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀረው። ፈትያ ካርድ ክፍል ቁጭ ብላ የሰው ስም እየጻፈች፣ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ክንፋቸው እንደተሰበረ ሲቀሩ ይታያታል፤ ሽንት ቤት በሰው፣ ጉርሻ በሰው። እኚያ ሰው። ያን ሐሳብ መሸከም አቃታት።

ኅዳር ሃያ አንድ፣ እሑድ፣ ተሻለ ሰፋ ያለ ጊዜ አግኝቶ አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ አብሯት ታገለ። በመጨረሻ "ፈትያ፣ የዚያን እሑድ እኮ በደንብ ሠርቷል" አላት። "ሰኞ ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ አይበላሽም። አንድ ሰው አንድ ነገር ነክቶበታል።"

"ማንም አልነካውም ቲቸር።"

"የጎረቤት ልጆች አይገቡም?"

ፈትያ ስልኩን ዘጋችው። የጎረቤት ልጆች እንደሚገቡ ታውቃለች። የዚያን ሰኞ በሩ ገርበብ ብሎ እንደዋለም ታውቃለች። የሁለት ሳምንት ድካም፣ የስድስት ወር ፍርሃት አንድ ላይ ገነፈሉና ጮኸች።

"ይህን የነካ እጅ ይድረቅ! አላህ ያድርቀው! እንዳነሣው እንዳይመልሰው!"

እትዬ ብዙነሽ ሽሮ ይዘው ሊገቡ በሩ ላይ ነበሩ። "ተይ አንቺ ልጅ" አሏት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የማን ልጅ እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"የማንም ይሁን።"

ጋሽ አብዱረዛቅ ይኼን ጊዜ ነቅተው ነበር። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ያዙ፣ ቀስ አድርገው አንሶላው ሥር አስገቡት። ፈትያ አይታ አላየችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ እጅ አልወጣም። ዘይት ይዛ ስትመጣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲበሉ እጁ አንሶላው ሥር ነው፣ ሲተኙ እጁ አንሶላው ሥር ነው፣ በዚያ በቆላው ሙቀት። "አባ፣ ቀኑ እያለቀ ነው፣ ይስጡኝ" ብላ ለመነቻቸው ረቡዕ ዕለት። "ተይው" አሉ። "ደ...ርቋል።" ፈትያ ተስፋ መቁረጣቸው መሰላት። ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኅዳር ሃያ ሰባት፣ ኮምፒዩተሩን ያበራችው ለተሻለ የመጨረሻ ፎቶ ልትልክለት ብቻ ነው። ከዚያ መሪውን ለሙጂብ ልትመልስ ቆርጣለች። ጽሑፉን ለይታ ማንሣት ስለሰለቻት ስክሪኑን እንዳለ አነሣችው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ።

"ፈትያ፣ ጥጉ ላይ ያለው ቀን ስንት ነው የሚለው? አጉልቼ ሳየው ደብዝዞብኛል።"

"ሃያ ሰባት፣ ዜሮ ሦስት፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት።"

"ትክክል ነው?"

"ታዲያ ዛሬ ኅዳር ሃያ ሰባት አይደል እንዴ? ሰዓቱም ሦስት ሰዓት ይላል፤ ሦስት ሰዓት ነው።"

ተሻለ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው። "እሱ እኮ የእኛ ነው። ኮምፒዩተር በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። እነሱ ጋ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ነው። ይኼ ምስኪን ከሰባት ዓመት በፊት ያለ መስሎታል፣ ጌሙ የፈቃድ ወረቀት ሲመጣለት 'ይኼ ወረቀት ገና አልተጻፈም' እያለ ነው የሚመልሰው። በይ አስተካክይው፣ ይከፈታል።"

ፈትያ ጥጉን መልሳ አየችው። ያን ቁጥር በነዚህ ሳምንታት ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ አይታዋለች። ትክክል ስለነበረ አልፋዋለች።

"የሚገርመኝ" ቀጠለ ተሻለ፣ "ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲሞላ አድርጌው ነበር። ያን ለማጥፋት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ልጆች አይደሉም ማለት ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ነው።"

የይለፍ ቃሉ የተሳቢው ታርጋ ነው። በዚህ ቤት ያን ቁጥር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዷ ሥራ ላይ ነበረች።

ስልኩን አስቀምጣ ወደ አልጋው ዞረች። አባቷ እያዩዋት ነው።

"አባ፣ ሰዓቱን አንቱ ነዎት የሞሉት?"

ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ። "ተ...ሳስቶ ነበር" አሉ።

"በየትኛው እጅዎ?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ድምፃቸው ከግድግዳው ተመልሶ ነው የሚሰማት። "በቀኜ" አሉ። "ላሳ...ይሽ ነበር። ለምሳ ስትመጪ። ከዚያ... ተበላሸ።"

ፈትያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ከሰኔ ጀምሮ አላህን የለመነችው ነገር በዚያ ሰኞ፣ እሷ የሰው ካርድ ስትፈልግ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኖ አልፏል። በምርኩዝ ከአልጋቸው ተነሥተዋል። የሞተውን እጅ ማውሱ ላይ አኑረዋል። ታርጋውን አንድ አንድ ቁጥር እየለቀሙ፣ ሦስት ሰዓት ይፍጅ አራት ሰዓት አላህ ያውቃል፣ የተሳሳተውን ሰዓት አቅንተዋል። ከዚያ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠብቀዋታል። እሷ ደግሞ ያንን እጅ ይድረቅ ብላ ረገመችው፣ እየሰሙ።

አልጋው ሥር ተንበረከከች። "አባ፣ አውፍ በሉኝ። አላወቅኩም። ወላሂ አላወቅኩም።"

"አውፍ" አሉ ወዲያው። "አንቺ... ምን አጠፋሽ።" ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እጄ ግን... ሰምቷል" አሉ።

አንሶላውን ገለጠችው። አልከለከሏትም። ጣቶቹ መዳፉ ውስጥ ተቀብረዋል፣ አንድ ሳምንት ሳይታሽ የዋለው አንጓ ግትር ብሏል። ሳመችው፣ አሻሸችው፣ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረገችበት። ከዚያ እየተጣደፈች የኮምፒዩተሩን ቀንና ሰዓት ወደ ፈረንጁ መለሰችው፣ ዲሴምበር ስድስት፤ ጌሙን ነካች፤ ክቧ ሁለቴ ተሽከረከረችና የሞተሩ ድምፅ ቤቱን ሞላው። አባቷን ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። እጃቸውን መሪው ላይ አኖረችው። ወደቀ። እንደገና አኖረችው። ወደቀ። ስክሪኑ ላይ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ተባለ፣ ሌሎቹ መኪናዎች ተፈትልከው ሄዱ፣ የጋሽ አብዱረዛቅ መኪና መነሻው ላይ ቆሞ ቀረ። ለሦስተኛ ጊዜ አኖረችው። እጁ ጉልበታቸው ላይ ተመልሶ ተዘረረ። ሦስት ሳምንት ገደማ ያለቀሰችለት ጌም ይኸው ተከፍቷል፤ ለማን ነው የተከፈተው?

ድምፁን አጠፋችው። መንዳቱን አቁማ ወደ ዋናው ስክሪን ወጣች። አባቷን ወደ አልጋቸው ልትመልስ ብብታቸው ሥር ስትይዛቸው አልነሣ አሉ። ጥጉን እያዩ ነው።

"ዘጠኝ ሰዓት... አርባ?" አሉ። ግንባራቸው ተቋጠረ። "ዐስር... ሊደርስ ነው?"

የጠዋት ፀሐይ ገና ደጃፉ ላይ ናት። ፈትያ "የፈረንጅ ነው አባ" ልትል አፏን ከፈተችና መለሰችው። ያ ሰዓትና ቀን ከተነካ ጌሙ ነገ እንደገና እምቢ እንደሚል አሁን ታውቃለች። እምቢ ይበል።

"ተሳስቷል አባ" አለች። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ያስተካክሉልኝ።"

ማውሱን በቀኛቸው በኩል አቀረበችላቸው፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያዋን ከፍታ ወደ ኋላ ራቀች። አላገዘቻቸውም። ጋሽ አብዱረዛቅ ሰዓቱን አዩት፣ እጃቸውን አዩት። ትከሻቸው ተነሣ፣ ክንዱ ተከተለው፣ የታጠፈው እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጎትቶ ማውሱ ላይ ወደቀ። እዚያው ቀረ። ዘጠኝ ከአርባ አንድ ሆነ። ዘጠኝ ከአርባ ሁለት ሆነ። ላባቸው አገጫቸው ላይ ደረሰ። ዘጠኝ ከአርባ ሦስት ሲል ስክሪኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀስት ንቅንቅ አለች።

ፈትያ አንድም ቃል እንዳያመልጣት አፏን በሁለት እጇ ያዘች።